ሐምራ የተባለችው ግመል የራሷን ዕድል በራሷ የመወሰን ጉዳይ

ማክሰኞ ማለዳ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንዲት ግመል ሣር መብላቷ በይፋ ተረጋገጠ።

መረጃውን ያወጣው የተኩስ አቁሙን የሚከታተለው ታዛቢ ጓድ ነው። መግለጫው እንዳለው ግመሏ እንስት ናት፣ መልኳ ቀላ ያለ ነው፣ ሣሩም ደረቅ ነበር። ግመሏ ከመብላቷ በፊት የትኛውንም ወገን እንዳላማከረች፣ ከበላችም በኋላ ማብራሪያ ለመስጠት ፈቃደኛ እንዳልሆነች ተጠቅሷል።

ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ነገር ዜና አይሆንም። ሐምራ ሣሩን የበላችው ግን አገሩን ለሁለት ከሚከፍለው የአሸዋ ግንብ ሥር፣ አምስት ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ባዶ መሬት ላይ ነው። በስምምነቱ መሠረት እዚያ መሬት ላይ ማንም ዝር አይልም። ወታደር አይገባም፣ መኪና አይገባም፣ እረኛ አይገባም። ያለ ፈቃድ የሚገባው ነፋስ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሁለት ጊዜ በጥሰት ተመዝግቦበታል።

ስፔኖች ከአርባ ዓመት በፊት ሻንጣቸውን ሸክፈው ሲወጡ ይህን የሰሐራ አገር ለማን እንደተዉት መናገር ረሱ። ከዚያ ወዲህ ከግንቡ በስተ ምዕራብ ያሉት «የእኛ ነው» ይላሉ። በስተ ምሥራቅ፣ በስደተኛው ሠፈር ያሉትም «የእኛ ነው» ይላሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ተዋጉ፣ ከዚያ ደከማቸውና ተኩስ አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ዓለም የሰላሙን ሂደት እንደ ታማሚ አልጋ ላይ አስተኝቶ በየጊዜው ትራሱን ያገላብጥለታል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ራዲዮ «ጠላት በአንዲት ንጹሕ ግመል ላይ ጠለፋ ፈጸመ» አለ። ማክሰኞ ማታ ከግንቡ ማዶ ያለው ራዲዮ «አንዲት ግመል በገዛ ፈቃዷ ወደ እናት አገሯ ተመለሰች» ሲል የደስታ ሙዚቃ አሰማ። ረቡዕ ሁለቱም ታንካቸውን አስነሡ። ሐሙስ ልዩ መልእክተኛው አምባሳደር ፔልግሪኒ በአውሮፕላን ደረሱ። ክቡርነታቸው ከዚህ ቀደም ሦስት ጦርነት እንዲያስቀሩ ተልከው ሦስቱም ተካሂደዋል። ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው።

የግመሏ ባለቤት ደይሽ ወልድ ብራሂም ዜናውን የሰማው የድንኳኑን ገመድ እያጠበቀ ነበር።

«ሰማሽ?» አላት ሚስቱን እንጊያን።

«ሰማሁ። ግመልህ ዜና ሆነች። አንተ በስድሳ ስምንት ዓመትህ አንድ ቀን እንኳ ዜና ሆነህ አታውቅም።»

«ሄጄ ላምጣት እንጂ። ዱካዋን ተከትዬ ነገ ማታ እመለሳለሁ።»

«አምጣት። ይህን የእርዳታ የዱቄት ወተት መበጥበጥ እጄን አዛለው።»

ደይሽ ጫማውን ሲያስር የሠፈሩ ኃላፊ ጓድ ቡሽራያ ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ገቡ። ጓድ ቡሽራያ ሲቀመጡ እንኳ በስብሰባ ላይ እንዳሉ ነው የሚቀመጡት።

«ሼህ ደይሽ፣ እንኳን ደስ ያለዎ። ግመልዎ ከእንግዲህ የእርስዎ አይደለችም።»

«የማን ሆነች?»

«የሕዝቡ።»

«ወተቷስ?»

«ወተቷ የትግሉ ነው።»

«ትግሉ ማለብ ይችላል?» አለች እንጊያ ከውስጥ።

ጓድ ቡሽራያ አልሰሙም፣ ወይም ላለመስማት ሥልጠና ወስደዋል። ደይሽ ግመሏን ሄዶ ቢያመጣ ባዶውን መሬት መጣስ እንደሚሆን፣ ያ ደግሞ ጦርነት እንደሚያስነሣ፣ ስለዚህም ግመሏ የምትመለሰው በድርድር ብቻ እንደሆነ አስረዱት። ደይሽም በዚያው ሰዓት «የግመል ማንነት ከፍተኛ አማካሪ» ተብሎ ተሾመ። ሌላው ወገንም፣ ሚዛን እንዳይዛባ፣ አንድ ከፍተኛ አማካሪ ይዞ እንዲመጣ ተነገረው።

የመጀመሪያው ዙር ድርድር በባዶው መሬት መካከል በተተከለ ክብ ድንኳን ውስጥ ተከፈተ። ድንኳኑ ክብ የሆነው ማንም ጥግ እንዳይደርሰው ነው። ሁለቱ ወገኖች እጅ እንዳይጨባበጡ በጽሑፍ ተከልክሏል። መጨባበጥ እውቅና መስጠት ነው፣ እውቅና ደግሞ የድርድሩ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ ሊሆን አይችልም።

ደይሽ በር ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ መሬቱን አየ። የበረሃ ሰው ሰላምታ የሚሰጠው መጀመሪያ ለዱካ ነው። ከሌላው ወገን የገቡትን ሰዎች ዱካ በየተራ አነበበ፤ አንዱ ቡትስ፣ አንዱ የከተማ ጫማ፣ አንዱ ሰንደል። የሰንደሉ ቀኝ እግር ወደ ውጭ ዞሯል፣ ተረከዙም አሸዋውን ትንሽ ይጎትታል። ደይሽ ቆመ። በዘጠኝ ዓመቱ ከወይፈን ግመል ላይ ወድቆ እግሩ እንዲህ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ያውቃል። ያንን ዱካ ካየ አርባ ዓመት ሆኖታል።

«ሼህ፣ ይግቡ እንጂ» አሉ ጓድ ቡሽራያ።

ገባ። ከጠረጴዛው ማዶ፣ «ላሮሲ አስ-ሳልሚ፣ ከፍተኛ አማካሪ» ከሚል ካርድ ኋላ፣ ታላቅ ወንድሙ ተቀምጦ ነበር። አስ-ሳልሚ የሚለውን የቤተሰብ ስም የሰጠው ከግንቡ ማዶ ያለ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው በዚያ ቀን ለአንድ መቶ ሰው ስም ማደል ስለነበረበት አንዱን ስም ለአርባው አደለው። ስለዚህ በወረቀት ሁለቱ አማካሪዎች ዝምድና የላቸውም። ከሁለቱም ወገን በድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰሐራዊ ሁሉ ግን የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያውቃል፣ እናታቸውን የሚያውቁም ነበሩ። የማያውቁት ነገሩን እንዲያውቁ ደመወዝ የሚከፈላቸው ብቻ ነበሩ።

ወንድማማቾቹ ተያዩ።

«አማካሪዎቹ ይተዋወቃሉ?» አሉ አምባሳደሩ በደስታ።

አስተርጓሚው ማሕፉድ የዚያው አገር ልጅ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡርነትዎ፣ አንዱ የአንዱን ዝና ሰምቷል» አለ።

በፕሮቶኮሉ መሠረት አማካሪዎቹ ግመሏ ወደታየችበት ቦታ በታዛቢዎች ታጅበው ሄዱ። የታዛቢዎቹ አለቃ የሆኑት ሻለቃ ሐምሳ ሜትር ርቀው ቆሙ፤ ፈንጂ ስለሚፈሩ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አጎንብሰው አሸዋውን አዩ። ጉዳዩ ለማንበብ ቀላል ነበር። ሐምራ ከአምስት ቀን በፊት ወደ ደቡብ ሄዳለች። ብቻዋንም አልሄደችም፤ ከጎኗ የአንድ ትልቅ ኮርማ ግመል ዱካ አለ፤ ኮርማው ችኩል ነው፣ እሷ ግን አልቸኮለችም። በዚህ አካሄዳቸው አሁን ከሁለቱም ወገን የይገባኛል ጥያቄ ውጭ ናቸው።

ደይሽ ቀና ሲል ላሮሲም ቀና አለ። ግመሏ እዚህ የለችም ቢሉ ጉዳዩ አለቀ። ጉዳዩ ካለቀ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ላሮሲ ወደ ምዕራብ፣ ደይሽ ወደ ምሥራቅ። ሌላ አርባ ዓመት ደግሞ የላቸውም።

ላሮሲ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ግመሏ እዚሁ አካባቢ ናት! ነገር ግን የአንገቷ ምልክት የየትኛው ጎሣ እንደሆነ መመርመር አለበት። ይህ አንድ ዓመት ይፈጃል!»

«ውሸታም!» ብሎ ጮኸ ደይሽ። «ሁለት ዓመት ነው የሚፈጀው!»

ሻለቃው ጻፉ፦ «የወገኖቹ አቋም እጅግ የተራራቀ ነው።»

ደይሽ ማታ ቤት ሲገባ ገመዱን ባዶውን አንጠልጥሏል።

«ግመሏስ?» አለች እንጊያ።

«የለችም። ላሮሲ ግን አለ።»

እንጊያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ ወደ ራሷ ሳበችና መበጥበጥ ጀመረች። «እንግዲያው ሐምራ ብትገኝ ወዮልህ» አለችው።

ድርድሩ በየሁለት ወሩ ቀጠለ። ሻዩን ማን ያፍላ የሚለው ሁለት ዙር ወሰደ። በመጨረሻ ደይሽ እንዲያፈላ፣ ላሮሲ እንዲቀዳ ተወሰነ። ሦስት ብርጭቆ ሳይጠጡ መነሣት በዚያ አገር ስድብ ነው። ደይሽም ከሰሉን በጣም ትንሽ ያደርግ ስለነበር ሦስቱ ብርጭቆ አምስት ሰዓት ይፈጃል። አምባሳደሩ ይህን «መተማመን የሚገነባ እርምጃ» ብለው ሰየሙትና በሌሎች አገሮችም እንዲሞከር ጽሑፍ አቀረቡበት።

በሦስተኛው ዙር ላሮሲ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ።

«እናንተ ሙታናችሁን ጥላችሁ የሸሻችሁ! የእናታችሁን መቃብር ማን እንደሚጠብቀው ታውቃላችሁ? በየዓመቱ ኖራ የሚቀባው ማነው? እኔ ነኝ!»

ደይሽ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ከከሰሉ ላይ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ትዋሻለህ!» አለ። «መቼ ነው የሞተችው?»

«በዝናቡ ዓመት! ተኝታ ሳለ! የአንድ ከሃዲ ስም እየጠራች!»

ደይሽ ጥምጣሙን እስከ ዓይኑ ሳበው።

«ምን ተባለ?» አሉ አምባሳደሩ።

«ክቡርነትዎ» አለ ማሕፉድ ብርጭቆው ላይ አተኩሮ፣ «ወገኖቹ በቅርሶች አያያዝ ላይ ሐሳብ ተለዋውጠዋል።»

«እጅግ ያበረታታል» አሉ አምባሳደሩ።

ጓድ ቡሽራያ በመልስ ጉዞ ላይ የደይሽን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «አንበሳ ነዎት፣ ሼህ! እንባ እስኪመጣዎ ድረስ ነው የተቆጡት!» የምስክር ወረቀትም ሰጡት። በማዶም የአገረ ገዢው ተወካይ ሲ ዙሄር ላሮሲን፣ ጠላትን ስላስለቀሰ፣ አንድ ምንጣፍ እንደሸለሙት ተሰማ።

እንዲህ እየተሰዳደቡ አርባውን ዓመት ተጨዋወቱ። «ልጃችንን ስንድር እንኳ ብቅ ያላላችሁ!» ብሎ ላሮሲ ሲጮህ ደይሽ የወንድሙ ልጅ ማግባቷን አወቀ። «ስኳር በሽታችንን እንኳ እንዳንታከም ያደረጋችሁን!» ብሎ ደይሽ ሲመልስ ላሮሲ ወንድሙ ስኳር እንደያዘው ሰማ። በሚቀጥለው ዙር የደይሽን ሻይ ያለ ስኳር ቀዳለት። ደይሽም ይህን እንደ ከባድ ትንኮሳ አስመዘገበው።

በስድስተኛው ዙር ድርድሩ ወደ ዋናው ፍሬ ነገር ገባ። አምባሳደሩ ግመሏ ራሷ ትምረጥ አሉ። በነፃነት ትለቀቅና ወደ ፈለገችው አቅጣጫ ትሂድ። ሁለቱም ወገኖች ሐሳቡን በመርህ ደረጃ ተቀበሉት። በመርህ ደረጃ መቀበል ማለት ሲሆን ለማየት አለመፈለግ ነው።

«ለመምረጥ ግን መራጭ መሆኗ ይረጋገጥ» አሉ ጓድ ቡሽራያ። «ስፔኖች ከመውጣታቸው በፊት ባካሄዱት ቆጠራ ቅድመ አያቷ ተመዝግባለች?»

ሲ ዙሄር ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ተቀድቶ በሳህን የቀረበ ይመስላል። «እኛ ደግሞ በዚያ ቆጠራ ጊዜ በድርቅ ምክንያት ወደ ሰሜን የሄዱ አንድ መቶ ሃያ ሺህ ግመሎች አሉን። እነሱም ይምረጡ።»

«ስለ እሷ ዕድል?» አሉ ጓድ ቡሽራያ።

«ስለ እሷ ዕድል። ዘመዶቿ ናቸው።»

«እነዚያ ግመሎች በሕይወት አሉ?»

«ጥያቄው ክብራቸውን ይነካል» አሉ ሲ ዙሄር። ቀጥለውም መንግሥታቸው በልበ ሰፊነት ያዘጋጀውን መፍትሔ አቀረቡ። ግመሏ ሰፊ የራስ አስተዳደር ታገኛለች፤ የፈለገችውን ሣር ትግጣለች፣ በፈለገችው ሰዓት ትተኛለች፣ ገመዱ ብቻ እነሱ ዘንድ ይሆናል።

«በፍጹም!» አሉ ጓድ ቡሽራያ። «ግመሏ ሙሉ በሙሉ ነፃ መሆን አለባት! ነፃ ስትሆን ወዴት እንደምትሄድ እኛ እንነግራታለን!»

ላሮሲ ለሁለተኛው ብርጭቆ ውሃ ጨመረ። ደይሽ ከሰሉ ላይ አመድ ነሰነሰበት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ታዛቢው ጓድ ስለ ግመሏ በየማለዳው ሪፖርት ያደርግ ነበር። የመጀመሪያው ሻለቃ ግመሏ በስምንተኛው ቀን ስትጠፋባቸው ማን እንዳስጠፋት እንዳይጠየቁ ሰጉና የሰባተኛውን ቀን ሪፖርት ቀኑን ለውጠው ላኩት። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይባላል፤ ሻለቃው ግን ሳይሰርቁ ነው ያጎነበሱት። በየስድስት ወሩ አዲስ ሻለቃ ይመጣል፣ ማኅደሩን ይረከባል፣ ይፈርማል። ሦስተኛው ሻለቃ ትጉህ ሰው ስለነበሩ በመነጽር ሲፈልጉ አራት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቀላ ያለ ቋጥኝ አገኙ። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ «ተንበርክካለች፣ ታመሰኳለች» ማለት ጀመረ። አራተኛው ሻለቃ «መጠነኛ ክብደት ጨምራለች» ብለው ጨመሩበት። ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። ጓድ ቡሽራያ ከሠፈሩ አናት ላይ ሆነው ቋጥኙን አይተው ቋጥኝ መሆኑን አውቀዋል። ሲ ዙሄርም ከግንቡ አናት አይተውታል። ነገር ግን ግመሏ የለችም ያለ ወገን ግመሏን እንደተወ ይቆጠራል። ድርድሩ እስካለ ድረስ ደግሞ ታንኮቹ በየቦታቸው ቆመው ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ሰላሙ ሁሉ በአንዲት በሌለች ግመል ጀርባ ላይ ተጭኖ ነበር፣ እሷም ትችለው ነበር።

አሥራ አራተኛው ዙር በሐሙስ ቀን ሆነ። ላሮሲ በዚህኛው ጊዜ ሲገባ ዱካው ሦስት ነጥብ ነበረው፤ በምርኩዝ ነው የመጣው። ደይሽ ምርኩዙን አየና በጣም የከፋ ስድብ ሰደበው። ላሮሲም የጉልበቱን ሐኪም ሰደበ።

ሁለተኛው ብርጭቆ ሲቀዳ የድንኳኑ በር ተገለጠ። ጥቁር ጥምጣም የጠመጠመ፣ ፊቱ እንደ ደረቀ ቆዳ የሆነ ዘላን ጎንበስ ብሎ ገባ። በእጁ ገመድ ይዟል። በገመዱ ጫፍ፣ ከድንኳኑ ውጭ፣ ቀይ ግመል ቆማለች። ከኋላዋ የዓመት ግልገሏ አለ።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን» አለ ዘላኑ። «የግመል ባለቤቶች እዚህ ናችሁ?»

ሰላምታውን እንኳ መቀበል እውቅና መስጠት እንዳይሆን ሁሉም ፈሩ።

«ይህችን ከደቡብ፣ ከአሥር ቀን መንገድ ነው ያገኘኋት፤ ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን እንኳ ከነልጇ ነው የማመጣት። የጠፋ ከብት አደራ ነው። በየጉድጓዱ ይህ የአንገት ምልክት የማን ነው እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ። በመጨረሻ አንዱ፣ ‹ባለቤቶቿማ ድንኳን ተክለው ስለ እሷ እያወሩ ነው› አለኝ።» ዙሪያውን አየ። «ታዲያ ምነው? ካወራችሁላት ውሰዷት እንጂ።»

አምባሳደሩ ወደ አምስተኛው ሻለቃ ዞሩ። «ሻለቃ፣ ይህች ግመሏ ናት?»

ሻለቃው ቀጥ ብለው ቆሙ። «የእኛ ግመል ዛሬ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተንበርክካ ታይታለች፣ ክቡርነትዎ። ይህች ግን ቆማለች።»

«የእኛ ግመል በጠላት ከበባ ውስጥ ናት» አሉ ጓድ ቡሽራያ።

«የእኛ ግመል በእናት አገሯ እቅፍ ውስጥ ናት» አሉ ሲ ዙሄር።

«ስለዚህ ይህች ሌላ ናት» አሉ አምባሳደሩ ላባቸውን እየጠረጉ። «ቢሆንም አማካሪዎቹ ያረጋግጡ። ሼህ ደይሽ?»

ሐምራ አንገቷን በበሩ አስገብታ የደይሽን ጥምጣም ታሸት ነበር። ደይሽ ትንፋሿ ማጅራቱ ላይ እየሞቀው፣ ሚስቱ የምትበጠብጠውን ወተት አሰበ፣ የወንድሙን ምርኩዝ አየ።

«አላውቃትም» አለ።

«ሼህ ላሮሲ?»

«እኔም አላውቃትም።»

አምባሳደሩ ቀስ ብለው ብድግ አሉ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ሁለቱም... አንድ ነገር አሉ?»

«አንድ ነገር አሉ» አለ ማሕፉድ፣ እሱም ደንግጦ።

«ተስማሙ ማለት ነው! ይጻፍ! በአሥራ አራት ዙር የመጀመሪያው ስምምነት! እንግዲህ በዚህ መሠረት የድርድሩ መጠናቀቅ...»

ደይሽ ብርጭቆውን ሊጥል ምንም አልቀረው። ላሮሲ ምርኩዙን አነሣ። «ቆይ! ቆይ! እኔ የማላውቃት እሱ በማያውቃት ምክንያት አይደለም! በሌላ ምክንያት ነው!»

«የእሱ ምክንያት የተሳሳተ ነው!» ብሎ ጮኸ ደይሽ እፎይ እያለ። «እኔ አለማወቄን በማስረጃ ነው የማቀርበው!»

አምባሳደሩ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ፊታቸው ላይ የታየው ሐዘን ነው ለማለት ይከብዳል። «ስለዚህ ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው» አሉ። «ለአሥራ አምስተኛው ዙር ቀን እንቁረጥ።» የድርድሩ ጸሐፊ የቀን መቁጠሪያ ዘረጋ፣ ጓድ ቡሽራያና ሲ ዙሄርም መነጽራቸውን አወጡ።

ያን ጊዜ ሐምራ ጮኸች። የግመል ጩኸት ውይይት ለማካሄድ አይመችም። ዘላኑ ሆዷን ዳበሳት።

«ጡቷ ሞልቷል» አለ። «ከትናንት ማታ ወዲህ አልታለበችም፤ መንገድ ላይ ነበርን። ተነጋግራችሁ ስትጨርሱ ትፈነዳለች። እኔ አንጓዬ ወልቋል፣ ብቻዬን አልችላትም። ለመሆኑ እዚህ ውስጥ ማለብ የሚችል ወንድ የለም?»

ጓድ ቡሽራያ ደብተራቸውን አዩ። ሲ ዙሄር ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ሻለቃው እንዲህ ያለ አንቀጽ መመሪያው ውስጥ እንዳለ ሊያስታውሱ ሞከሩ። ሐምራ እንደገና ጮኸች፣ በዚህኛው ጊዜ ድምፁ እንደ ልመና ነበር።

ደይሽ ተነሣ። እንዲነሣ የጠየቀው የለም፣ ሲነሣም የከለከለው የለም። ከጠረጴዛው ላይ የአምባሳደሩን የፍራፍሬ ሳህን አነሣ፣ ፍሬውን ገለበጠ፣ ወጣ። በቀኟ በኩል ቆሞ ግልገሉ እንዳይጠባት ጡቷ ላይ የታሰረውን ከረጢት ፈታ፣ ግልገሉን አንድ ሁለት ጊዜ አጠባውና ገፋ አደረገው። በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን አጥፎ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ግመል ግን በሁለት ሰው ነው የምትታለበው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ ያለዚያ ወተቱን ትይዛለች። ደይሽ ማንንም አልጠራም። ምርኩዝ አሸዋ ሲወጋ ሰማ፣ የሚጎተት ተረከዝ ሰማ፣ ከዚያ ምርኩዙ መሬት ላይ ሲጣል ሰማ። ከሆዷ ማዶ፣ በግራ በኩል፣ አንድ የታመመ ጉልበት ታጠፈ፣ ሌላ እጅም ከሥር ደርሶ ሳህኑን ደገፈ።

ማለብ ጀመሩ። አንዱ ሲስብ አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ሲለቅ አንዱ ይስባል። ላሮሲ ሐምራን ለማባበል በአፍንጫው አንድ ዜማ አንጎራጎረ፣ ደይሽም ተቀበለው። የሚንጎራጎረው ለግመል ነው፣ ግጥም የለውም፤ የተማሩት ደግሞ ከአንዲት ሴት ነው። ሁሉም ከድንኳኑ ወጥተው ቆመው ያዩ ነበር። ጸሐፊው የቀን መቁጠሪያውን ታቅፎ፣ ማሕፉድ ከአምባሳደሩ ጆሮ አጠገብ እንደ ሁልጊዜው ቦታውን ይዞ።

«አብረው ሠርተው ያውቃሉ እንዴ?» አሉ አምባሳደሩ በሹክሹክታ።

ማሕፉድ ላሮሲን ነበር የሚያየው፤ ሽማግሌው በአንድ እግሩ ቆሞ እየተንገዳገደ፣ እየሳቀ ነበር።

ሳህኑ ሞላ፣ አረፋው ከአፉ በላይ ተቆለለ። ደይሽ በግመሏ አንገት ሥር ዞሮ መጣ፤ በዚያ አገር መጀመሪያ የሚጠጣው ታላቅ ነው። ሳህኑን በሁለት እጁ ዘረጋ፣ ላሮሲም በሁለት እጁ ሊቀበል ሲል ጣቶቻቸው ሳህኑ ሥር ተገናኙ። ላሮሲ ጣቶቹን ሳያነሣ ቆየ።

«ጠጣ እንጂ፣ የእናቴ ልጅ» አለ ደይሽ። «አረፋው ሳይጠፋ።»

ማሕፉድ፣ ሳያስበው፣ ቃል በቃል ተረጎመው።